የኋላ በሩ ቁልፍ ማን ጋር ነው? ትምህርት ቤትን ለድንገተኛ ሁከትና ለማግስቱ እንዴት እናዘጋጃለን

ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ከፒያሳ ብዙም አይርቅም፤ ስሙን ተዉት። አንድ ቀን ጠዋት፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከአጥሩ ውጭ ጆሮ የሚያደነቁር ፍንዳታ ተሰማ። የመብራት ትራንስፎርመር ነበር። ይህን ያወቅነው ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ተማሪው ከውስጥ ወደ ዋናው በር ጎረፈ። ወላጅ ደግሞ ከውጭ ወደዚያው በር ጎረፈ። እኔም ከጎራፊዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ጥበቃውን "ጋሼ፣ የኋላውን በር ክፈቱላቸው እንጂ!" አልኳቸው።

"ቁልፉ እኔ ጋ የለም ልጄ። ንብረት ክፍሉ ጋ ነው።"

"እሱስ የት አለ?"

"ለቅሶ ሄዷል።"

እግዜር ይመስገን፣ ከአንድ ልጅ ክንድ መሰበር በቀር የከፋ ነገር አልደረሰም። በኋላ ስጠይቅ ትምህርት ቤቱ "የአደጋ ጊዜ ዕቅድ" እንዳለው ሰማሁ። ተጠርዞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ገልጬ አየሁት። ራዕይ አለው፣ ተልዕኮ አለው፣ እሴቶች አሉት። ቁልፍ የሚል ቃል ግን የለበትም።

ስለዚህ እኔ ከዕቅድ አልጀምርም። ከቁልፍ ነው የምጀምረው።

አንድ፦ ግቢውን በእግር ዙሩ

ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ ጥበቃ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ፣ አንድ ወላጅና ሁለት ተማሪዎች ሆናችሁ ግቢውን ዙሩ። ተማሪዎቹ የግድ ናቸው። አጥሩ የት ጋ እንደሚዘለል፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደላላ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደማትቀጧቸው ግን አስቀድማችሁ ቃል ግቡላቸው።

በሮቹን ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ በር ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ቁልፉ ማን ጋር ነው? ቅጂው የት ነው? በእርግጥ ይከፈታል? "አዎ ይከፈታል" የሚል መልስ አትቀበሉ። ክፈቱት። ለዓመታት ያልተነካ ጓጉንቸር ዝጎ ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወይም ከበሩ ጀርባ የተሰባበረ ዴስክ ተከምሮ ይሆናል። የቁልፍ ቅጂ አንድ ጥበቃ ቤት፣ አንድ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ አንድ ደግሞ ከግቢ መጨረሻ የሚወጣው ሰው ጋ ይኑር። ቁልፍ የያዘ ሰው ከግቢ ሲወጣ አስረክቦ ይውጣ። ለቅሶም ቢሆን።

ቀጥሎ የክፍል በሮች። የመሀል ከተማ አሮጌ ክፍሎችን በር ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፋሉ። ከውስጥ ግን ምንም የላቸውም። መምህሩ ልጆቹን አስገብቶ ልዝጋ ቢል ያለው ነገር የራሱ ትከሻ ብቻ ነው። መላው ቀላል ነው። ከውስጥ የሚገባ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይሠራለት። መርካቶ ምናለሽ ተራ አለላችሁ። ትንንሾቹ ተጫውተውበት እርስ በርስ እንዳይቆለፉ ከፍ ብሎ ይገጠም። ከውጭም የሚከፈትበት መንገድ ይኑረው፤ እሳት ሲነሳ የሚያድን በር ያስፈልጋል።

መስኮቶቹ ደግሞ በፍርግርግ ብረት ታጥረዋል። ሌባ አይገባም፣ ልጅም አይወጣም። ቢያንስ በየክፍሉ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን።

ከመስኮት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ለልጆቹ ደጋግማችሁ ንገሩ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ጥቃት ሲደርስ ከዋናው ፍንዳታ በፊት የእጅ ቦምብና የተኩስ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። በዙሪያው ባሉ ሕንፃዎች የነበረው ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ መስኮት ላይ ወጣ። ዋናው ፍንዳታ ከዚያ ተከተለ። በርካቶች ዓይናቸውን ያጡት በመስታወት ስብርባሪ ነው። እኛ አገር ደግሞ ድምፅ ሲሰማ ወደ መስኮት መሮጥ ባህል ነው። ድምፅ ስትሰሙ ከመስኮት ራቁ፣ ዝቅ በሉ። ይህቺን ብቻ እንኳ ቢይዙ ትልቅ ነገር ነው።

ከግቢው ውጭም ዙሩ። የዛሬ ሦስት ዓመት የተሠራ ዕቅድ ካላችሁ እርሱት። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ መልካቸው ተቀይሯል። "አደጋ ሲደርስ ልጆቹን እዚህ እናሰባስባለን" የተባለው ግቢ ዛሬ አስፋልት ወይም አበባ የተተከለበት ሊሆን ይችላል። በችግር ቀን በር የሚከፍቱላችሁ እማማ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ይሆናል። አዲስ መሰብሰቢያ ፈልጉ፦ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ የመስጊድ ግቢ፣ የወጣት ማዕከል። ዋና መንገድ ሳያቋርጡ የሚደረስበት ቢሆን ይመረጣል። ደብዳቤ መጻፉ ጥሩ ነው፤ ሄዶ ከአስተዳዳሪውና ከዘበኛው ጋር ቡና መጠጣት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። በሩን የሚከፍተው ዘበኛው ነውና።

ሁለት፦ ሁለት ትእዛዝ፣ ሁለት ድምፅ

ልጅ በድንጋጤ ሰዓት አሥር መመሪያ አያስታውስም። ሁለት ይበቃል። "ግቡ" እና "ውጡ"።

"ግቡ" አደጋው ከውጭ ሲሆን ነው። ጎዳና ላይ ተኩስ፣ ሁከት፣ ድንጋይ ውርወራ። ሁሉም ቅርቡ ወዳለ ክፍል ይገባል፣ የራሱ ክፍል ባይሆንም። በር ይቀረቀራል፣ ከመስኮት ይራቃል፣ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ስልክ ድምፁ ይጠፋል። "ውጡ" አደጋው ከውስጥ ሲሆን ነው። እሳት፣ ወይም ክፍሎቹ አካባቢ ስለት ይዞ የሚያስፈራራ ሰው። አደጋው ባለበት በተቃራኒው በር ይወጣል። መውጫው አደጋው ራሱ ከሆነ ወደ "ግቡ" ይመለሳል። ይህን የሚወስነው በዚያች ሰዓት ከልጆቹ ጋር ያለው መምህር ነው። ርዕሰ መምህሩ እስኪፈቅድ መጠበቅ የለበትም።

ድምፁስ? ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ አሁንም የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። ልጆቹ ይስቁበታል። እኔ ግን እወደዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ሦስት ምት፣ ፋታ፣ እንደገና ሦስት ምት "ግቡ" ይሁን። ሳያቋርጥ በፍጥነት የሚመታ "ውጡ" ይሁን። ሚኒ ሚዲያው የሚሠራ ከሆነ በግልጽ አማርኛ ተናገሩበት። "ኮድ ቀይ" ምናምን አትበሉ። አዲስ የገባ ተማሪና ለእንግድነት የመጣ ወላጅ ኮዱን አያውቁም። በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ክፍሎች ካሉ ትእዛዙ በሁለቱም ቋንቋ ይነገር። መስማት የተሳናቸው ልጆች ካሉ የእጅ ምልክት ይኑር፤ ለእያንዳንዳቸውም አብሮ የሚንቀሳቀስ አንድ ልጅና አንድ መምህር አስቀድሞ ይመደብ።

አስለቃሽ ጭስ ከመንገድ ከገባ፦ መስኮት ዝጉ፣ ልጆቹን ወደ ላይኛው ፎቅ አውጡ፤ ጭሱ ዝቅ ብሎ ነው የሚተኛው። ዓይን አይታሽም። በብዙ ንጹህ ውኃ ይታጠባል።

ሦስት፦ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው

ይህን እንደ ሐቅ ተቀበሉት። አደጋው የሚደርሰው ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ስብሰባ ላይ ባሉበት ቀን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ሰው በተራ ይጻፍ፦ ደወል የሚመታ፣ ስልክ የሚደውል፣ በር የሚይዝ፣ የተጎዳ የሚረዳ፣ ስም የሚቆጥር። የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሌለ ሦስተኛው።

ደወል ለመምታት ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው ደግሞ ጥበቃው ነው። መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ግን ዝቅተኛው ደመወዝ የእሱ ነው። ሥልጠና ሲኖር የሚጠራው መምህሩ ነው፤ ጋሼ በር ላይ ይቆማሉ። ይህ መቀየር አለበት። በግልጽ ንገሯቸው፦ "ጋሼ፣ ደስ ካላለዎት ይምቱት። ተሳስተው ቢመቱት ማንም አይቆጣዎትም።" ከዚያ በእርግጥ አትቆጡ።

በምገባ የሚሠሩትን እናቶችም አትርሱ። ምድጃ የሚያጠፋው ማነው? ትኩስ ድስት ያለበትን መንገድ የሚዘጋው ማነው? እነሱ ናቸው።

አራት፦ ስልክ የሌለበትን ቀን አስቡ

ፖሊስ 991፣ አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። እነዚህ ከስልኩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። ከሥራቸው ምን እንደሚባል ይጻፍ። የደነገጠ ሰው "ቶሎ ድረሱልን!" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። የት እንደሆነ ሳይናገር። የእኛ ከተማ አድራሻ ደግሞ "ከእንትን ከፍ ብሎ፣ ከእንትን ፊት ለፊት" ነው። ያን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ጻፉት። በየትኛው በር አምቡላንስ እንደሚገባም ጨምሩ።

ለወላጅ መልእክት ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ ብቻ ከተደገፈ ችግር ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት እንደቆየ እናስታውሳለን። አጭር የጽሑፍ መልእክት ይዘጋጅ። የወላጆች ስልክ በወረቀት ታትሞ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ሰርቪስ ሾፌሮቹም ዝርዝሩን ይያዙ። ሁሉም ነገር ሲጠፋ በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁሙና በጠመኔ ጻፉ፦ "ልጆቹ ደህና ናቸው። ክፍል ውስጥ ናቸው። 8 ሰዓት ላይ በኋላ በር እናስረክባለን።" ልጆቹ በእርግጥ ደህና ከሆኑ ብቻ።

መንገድ ተዘግቶ ልጆች እስከ ማታ ቢቆዩስ? ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ባትሪ። በሶ አይበላሽም፣ መብራት አይፈልግም። በየሴሚስተሩ እየተበላ ይተካ።

አምስት፦ ልምምድ ማስፈራሪያ አይደለም

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሽብር ጥቃት ልምምድ አደረገ። የተኩስ ድምፅ ነበረበት። ብዙዎች ልምምድ መሆኑን አላወቁም፤ ከፎቅ ዘለሉ። አንዲት ሠራተኛ ሞተች። እዚያው ኬንያ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም.፣ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት ቀናት በኋላ፣ አንድ ካምፓስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ሲሰማ ተማሪው ጥቃት መስሎት ተተራመሰ። አንድ ተማሪ ሞተ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የእኛ ትራንስፎርመር ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ልምምዱ ይነገር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ለወላጅም ለሰፈሩም ለፖሊስም። የውሸት ተኩስ የለም፣ የውሸት ደም የለም። መጀመሪያ መምህራን ብቻ ይለማመዱ። ቀጥሎ አንድ ክፍል። ቀጥሎ ሁሉም። ለኬጂ ልጆች ጨዋታ አድርጉት፦ "አሁን ድመቷ እንዳትሰማን ዝም እንላለን።"

ሁልጊዜ በትምህርት ሰዓት ብቻ አትለማመዱ። ከባዱ እረፍት ሰዓት ነው። ሁሉም ሜዳ ላይ ነው፣ ግማሹ ሽንት ቤት፣ ሦስት አራቱ ደግሞ ማስቲካ ሊገዛ በር ላይ። አንድ ጊዜ በእረፍት ከሞከራችሁት የዕቅዳችሁን ቀዳዳ ሁሉ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ከባድ ሰዓት የጠዋት ሰልፍ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአንዳንድ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ከሰንደቅ ዓላማና ከመዝሙር ጋር በተያያዘ ግጭት ተነስቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ሰልፍ ላይ ጠብ ቢነሳ ማን ምን ይላል? የትኛው ክፍል ቀድሞ ይገባል? ያን ዕለት ሳይሆን ዛሬ ይወሰን።

የሚደማ ሰው ካለ አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። በንጹህ ጨርቅ ቁስሉን በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን፣ አለመልቀቅ። ጨርቁ ከራሰ ሳያነሱ ሌላ መደረብ። ፋሻ ከሌለ ነጠላ አለ። ይህን የቀይ መስቀል ክበብ ልጆችም ይችሉታል፤ እናሠልጥናቸው።

ስድስት፦ ልጅ ማስረከብ

ሁከቱ ካበቃ በኋላ ትልቁ ሁከት የሚነሳው እዚህ ነው። አምስት መቶ ወላጅ በአንድ በር።

ወላጅ በአንድ በር ይቁም፣ ልጅ በሌላ በር ይውጣ። በመሀል ጠረጴዛ፣ በየክፍል ደረጃው። ተረካቢው ስሙ በዝርዝሩ ላይ አለ? ይፈርማል፣ ሰዓት ይጻፋል፣ ልጁ ይጠራል። የብዙ ሰው ልጅ የሚወሰደው በሞግዚት ወይም በታላቅ እህት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ በመስከረም ሲሞላ እነሱም ይግቡበት። "አጎቱ ነኝ" የሚል የማይታወቅ ሰው ይቆይ። ይቆጣል፣ ይሰድባችኋል። ይቆይ።

ልጁ የተጎዳበት ወላጅ ሰልፍ ላይ አይቁም። ሰው መድቡና በእርጋታ ለብቻ ክፍል ውሰዱት። የትኛው ሆስፒታል እንደሄደ በእርግጠኝነት ይነገረው፦ የካቲት 12 ነው፣ ጥቁር አንበሳ ነው፣ ዘውዲቱ ነው። ለዚህ ሲባል ከእያንዳንዱ አምቡላንስ ጋር አንድ መምህር አብሮ ይሂድ፣ ስምና ሆስፒታል ይመዝግብ። ወላጅ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ አይፈልግ።

ሰባት፦ የሞተ ካለ

ይህን ክፍል መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን ዝግጁ ያልሆነ ትምህርት ቤት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በቴሌግራም ጭራሽ። የእኛ ሰው መርዶን እንዴት እንደሚያደርስ ያውቃል፦ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ ይህን አያፍርስ። መጀመሪያ ከሆስፒታል ወይም ከፖሊስ ያረጋግጥ። ቀጥሎ የቤተሰቡን ቅርብ ዘመድ፣ የእድሩን ሰው፣ የንስሐ አባት ወይም ሼኹን ያግኝ። ርዕሰ መምህሩ አብረው ይሂዱ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ ስለማይዘገይ ይህ ሁሉ በፍጥነት መሆን አለበት።

ለተማሪዎቹ ከመናገራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ሟቹ በዚያው ግቢ ወንድም ወይም እህት አለው? የአክስት ልጅስ? አራተኛ ክፍል ያለች እህቱ ሌላ ተማሪ ሲያለቅስ አይታ እንዳትሰማ።

ለክፍል ጓደኞቹ የሚናገረው የሚያውቁት መምህር ነው፣ በክፍላቸው ውስጥ። ሚኒ ሚዲያ ላይ ወይም ሰልፍ ላይ አይሁን። ቃሉም ግልጽ ይሁን። እኛ "አረፈ" እንላለን፣ "ተለየን" እንላለን። ለትልቅ ሰው ጨዋነት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ግን "አረፈ" ሲባል ይነሳል ብሎ ይጠብቃል። "ተኛ" ካላችሁት ደግሞ ማታ መተኛት ይፈራል። "ሞቷል። አይመለስም። በጣም ያሳዝናል።" ከባድ ነው፤ ግን ይህ ነው የሚጠቅመው።

ወንበሩን ሌሊት አንስታችሁ አትጠብቋቸው። ልጆቹን ጠይቋቸው። አበባ እናስቀምጥ ካሉ ያስቀምጡ። አርባው ሲወጣ ወንበሩ አብረው ተነጋግረው ይነሳ። የስም መጥሪያው ላይ ግን ያን ዕለቱን ምልክት አድርጉ፤ ተተኪ መምህር ገብቶ ስሙን ጮክ ብሎ እንዳይጠራ። ለቀረ ተማሪ ቤተሰብ "ልጅዎ ዛሬ አልመጣም" የሚል መልእክት በራሱ የሚልክ ትምህርት ቤትም አለ። መጀመሪያ እሱን አጥፉ።

ስምንት፦ በሩ ሲከፈት

ደም ይታጠብ፣ መስታወት ይቀየር፣ ከዚያ ይከፈት። ቶሎ መከፈቱ ጥሩ ነው። ልጅን ከምንም በላይ የሚያረጋጋው የለመደው ደወልና የለመደው መምህር ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ቀን ይሁን፣ ፈተና አይኑር። መምህራን ከተማሪ አንድ ሰዓት ቀድመው ይገናኙ። እነሱም ፈርተዋል። እነሱን "እንዴት ናችሁ?" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የለም።

ልጆቹን ያዩትን እንዲተርኩ አታስገድዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሦስት ነገር ይጠቃለላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማውራት የፈለገ ያውራ፣ ያልፈለገ ይሳል፣ ኳስ ይጫወት። ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል፤ እናንተ አታዙሩት። ጋዜጠኛ ልጅ ላይ ማይክ አያስጠጋ። ጠቡ በተማሪዎች መካከል ከነበረ "የነማን ልጆች ናቸው የጀመሩት" የሚለው ወሬ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይቁም። ልጅ ቀድሞ የሚሰማው ከዚያ ነው።

አልጋ ላይ መሽናት፣ ከእናት አልለይም ማለት፣ ትምህርት ቤት ሲባል ሆድ ቁርጠት፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠበቃል። አብዛኞቹ ይሻላቸዋል። ወር አልፎም ካልቀነሰ፣ ወይም ትልልቆቹ መሞት ስለመፈለግ ካወሩ ጊዜ ሳይሰጠው፣ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ አማኑኤል ያለ ሆስፒታል ይሂዱ። ወላጅ መጀመሪያ ጠበል ሊወስድ ይችላል። አትከራከሩት። "ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው" በሉት።

ቀን መቁጠሪያ ላይም ሁለት ቀን አክብቡ። አንዱ ሙት ዓመቱ ነው፤ የፈተና ፕሮግራም እንዳይወድቅበት። ሌላው መስከረም 16፣ የመስቀል ዋዜማ ነው። ማታ ሰፈሩ ርችት በርችት ይሆናል። ያን ቀን፣ ልጆቹ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ የክፍል መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ይንገራቸው፦ "ዛሬ ማታ ጧ ጧ የሚል ነገር ትሰማላችሁ። ርችት ነው።"